እጅ ለምን ይንቀጠቀጣል? መጠጥ ያቆመ ሰው የመጀመሪያ ወራት ታሪክ

«ማርከሻ» የሚለውን ቃል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ጠዋት ሲነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያሰምጠዋል፣ ሆዱ ይረበሻል። ጓደኞቹ «ትንሽ ቅመስ፣ ይለቅሃል» ይሉታል። ይቀምሳል፤ እውነትም ይለቀዋል።

እስኪ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ሕመሙን ያመጣው መጠጡ ከሆነ መድኃኒቱ እንዴት መልሶ መጠጡ ይሆናል? ይህች ጥያቄ ቀላል ትመስላለች። ነገር ግን ሐኪሞችን ከ140 ዓመት በላይ አከራክራለች። መልሷን ማወቅ ደግሞ ለጠቅላላ እውቀት ብቻ አይደለም። መጠጥ ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ለምን እንደሚነጫነጭ፣ ለምን እንቅልፍ እንደሚያጣ፣ ለምን «ስጠጣ ይሻለኝ ነበር» እንደሚል የሚነግረን ይኸው መልስ ነው። አንዳንዴም የሰው ሕይወት ያድናል። (ከዚህ በታች የምትገኙት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደም ማፍሰስ ወይስ ማስተኛት?

ለብዙ ዘመን ስካር እንደ ነውር ወይም እንደ ኃጢአት እንጂ እንደ ሕመም አይታይም ነበር። በ1784 አሜሪካዊው ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ ስለ ጠንካራ መጠጦች ጉዳት አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ረሽ የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ ከፈረሙት ሰዎች አንዱ ነው። ምክሩም ግልጽ ነበር፦ ጠንካራ መጠጥ የለመደ ሰው በአንዴና ሙሉ በሙሉ ይተው። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1804፣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም የነበረው ቶማስ ትሮተር የስካርን ልማድ «የአእምሮ ሕመም» ብሎ ጻፈ። ሁለቱም ለዘመናቸው ደፋሮች ነበሩ። ሰካራሙን ከመስደብ ይልቅ እንደ ታማሚ ማየት ጀምረዋልና።

ይሁን እንጂ አንድ እንቆቅልሽ አልተፈታም ነበር። ወደ ሐኪም የሚመጡ አንዳንድ ሰዎች ይንቀጠቀጣሉ፣ ያልባቸዋል፣ ለቀናት አይተኙም፣ ከዚያም የሌለ ነገር ማየት ይጀምራሉ። ግድግዳው ላይ ነፍሳት ይርመሰመሱባቸዋል፣ ሰው ሊገድላቸው የመጣ ይመስላቸዋል። የዘመኑ ሐኪሞች «አንጎሉ ተቆጥቷል» ይሉና ደም ያፈሱለታል። በሽተኛው ግን ይብስበታል።

በ1813 እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሰተን ነገሩን በጥንቃቄ ተከታተለ። ደም የፈሰሰላቸው ሲባባሱ፣ ኦፒየም ወስደው እንቅልፍ ያገኙት ደግሞ ሲሻላቸው አየ። ስለዚህ ይህ የአንጎል ቁጣ ሳይሆን ራሱን የቻለ ሕመም ነው አለ። ስሙንም በላቲን «ዴሊሪየም ትሬመንስ» አለው፤ «የሚያንቀጠቅጥ ቅዠት» ማለት ነው። ዛሬም ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ስም ይኸው ነው።

በ1849 ስዊድናዊው ሐኪም ማግነስ ሁስ ደግሞ «አልኮሊዝም» የሚለውን ቃል ወደ ሕክምና አስገባ። የረጅም ጊዜ መጠጥ ነርቭን፣ ጨጓራንና ሌላውን አካል እንዴት እንደሚጎዳ አንድ በአንድ ዘረዘረ።

ታዲያ ዋናው ጥያቄ የት ደረሰ? የትም አልደረሰም። መንቀጥቀጡና ቅዠቱ የመጣው መጠጥ ስለበዛ ነው ወይስ መጠጥ ስለቀረ? አንዱ ወገን «መርዙ ተጠራቅሞ ነው» ይላል። ሌላው «ሰካራም ምግብ ስለማይበላ ቫይታሚን አጥቶ ነው» ይላል። ሦስተኛው «አይደለም፣ በድንገት ስላቆመ ነው» ይላል። እንዲህ እየተባለ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ገባ።

የቀዶ ሐኪሙ እጅ

ሐኪሞች እየተከራከሩ ሳለ፣ የሚጠጡት ሰዎች ራሳቸው አንድ ነገር በተግባር ያውቁ ነበር። በጁን 1935 ኦሃዮ ውስጥ አክሮን በምትባል ከተማ የሚኖር ሮበርት ስሚዝ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም አስቡ። ለብዙ ዓመታት ጠጪ ነበር። ቢል ዊልሰን ከተባለ ሌላ ጠጪ ጋር ተገናኝቶ ለማቆም ወስኗል። ዊልሰን በዚያን ጊዜ ካቆመ ገና ስድስት ወሩ ነው። ስሚዝ ግን ለስብሰባ ከከተማ ወጥቶ እንደገና ሰክሮ ተመለሰ። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮው ደግሞ ደርሷል።

በዚያ ጠዋት የስሚዝ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሚንቀጠቀጥ እጅ ቢላ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ዊልሰን እጁ እንዲረጋለት አንድ ቢራ ሰጠው። እኛ «ማርከሻ» የምንለው መሆኑ ነው። ስሚዝ ቀዶ ሕክምናውን ሠራ፤ ያቺ ቢራም የመጨረሻው መጠጡ ሆነች። ሁለቱ ሰዎች የመሠረቱት የመረዳጃ ማኅበር «አልኮሊክስ አኖኒመስ» ይባላል። ዛሬ በብዙ አገሮች አለ፤ የልደት ቀኑ አድርጎ የሚቆጥረውም ያንን የስሚዝን የመጨረሻ መጠጥ ቀን ነው።

ቢራዋ ለምን እጁን እንዳረጋችው ግን ያን ጊዜ በሳይንስ ያረጋገጠ አልነበረም።

ሌክሲንግተን፣ 1955

በ1953 ሞሪስ ቪክተርና ሬይመንድ አዳምስ የተባሉ ሐኪሞች በቦስተን ከተማ ሆስፒታል የተኙ ከ260 በላይ ጠጪዎችን ተከታትለው ያዩትን አሳተሙ። ነገሩ ሰዓት ጠብቆ የሚመጣ ሆኖ አገኙት። መጠጥ ከቆመ በሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጡ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አንዳንዱ ራሱን ስቶ ይንዘፈዘፋል። ሰተን የጻፈለት ቅዠት የሚመጣው ደግሞ ዘግይቶ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ግድም ነው። መጠጡ ከሰውነት እየወጣ ሕመሙ ከጨመረ፣ «መርዙ ተጠራቅሞ ነው» የሚለው ሐሳብ እንዴት ይቆማል?

የመጨረሻውን ማስረጃ ያመጣው በ1955 የታተመው የሐሪስ ኢዝቤል ሙከራ ነው። ቦታው በኬንታኪ ግዛት ሌክሲንግተን የነበረው የመንግሥት የሱሰኞች ሆስፒታል ነው። ቀድሞ የሞርፊን ሱስ የነበረባቸው 10 ወንዶች በየቀኑ ብዙ አልኮል እንዲጠጡ ተደረገ፤ ረጅም ጊዜ የጠጣው 87 ቀን ጠጥቷል። ምግባቸው የተሟላ ነበር፣ ቫይታሚንም ይሰጣቸዋል። ከዚያ መጠጡ በድንገት ተቋረጠ። ለአጭር ጊዜ የጠጡት ቀለል ያለ ሕመም ነበራቸው። ለብዙ ሳምንታት የጠጡት ግን ተንቀጠቀጡ፣ እንቅልፍ አጡ፤ ከእነሱም የተንዘፈዘፉና የቃዡ ነበሩ።

ስለዚህ የምግብ እጦት አይደለም፤ በደንብ በልተዋል። መርዝ ተጠራቅሞም አይደለም፤ ሕመሙ የመጣው መጠጡ ሲቀር ነው። የሰተን እንቆቅልሽ ከ142 ዓመት በኋላ ተፈታ።

ይህን ስታነቡ ግን አንድ ነገር ሊከነክናችሁ ይገባል። ሰዎቹ እስረኞች ነበሩ። «ፈቃደኛ ናቸው» ቢባልም፣ የታሰረ ሰው ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ ነው? ሰውን ሆን ብሎ ለሞት ወደሚያደርስ ሕመም የሚያስገባ እንዲህ ያለ ሙከራ ዛሬ አይፈቀድም። እውቀቱን የምንጠቀምበት ከማን እንደተገኘ ሳንረሳ ነው።

ፍሬንና ነዳጅ

አሁን ወደ አንጎል እንግባ። አንጎላችን ውስጥ የነርቭ ሴሎችን የሚያረጋጋ «ጋባ» የተባለ ንጥረ ነገር አለ። የሚያነቃቃቸው ደግሞ «ግሉታሜት» ይባላል። አንዱ እንደ ፍሬን፣ ሌላው እንደ ነዳጅ ነው በሉት። አልኮል ፍሬኑን ያጠብቃል፣ ነዳጁን ይቀንሳል። ሰው ሲጠጣ የሚዝናናውና ምላሱ የሚተሳሰረው በዚህ ነው።

አንጎል ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። በየቀኑ ፍሬን ተይዞ ከሆነ፣ መኪናው እንዲሄድ ነዳጁን አጥብቆ መርገጥ ይጀምራል። ወራትና ዓመታት ሲያልፉ ይህ ልማዱ ይሆናል። ከዚያ አንድ ቀን መጠጡ ይቆማል፤ ፍሬኑ ተለቀቀ፣ ነዳጁ ግን እንደተረገጠ ነው። መኪናው ምን ይሆናል? ይፈተለካል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ መምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሲብስም መንዘፍዘፍ የዚህ ውጤት ናቸው። ማርከሻ የሚሠራው ፍሬኑን መልሶ ስለሚይዝ ነው። ችግሩን ግን ለነገ አሳድሮ ያቆየዋል እንጂ አይፈታውም።

መፍትሔው ከሌላ በኩል መጣ። ኬሚስቱ ሊዮ ስተርንባክ ያገኘው ሊብሪየም የተባለ መድኃኒት በ1960 ገበያ ላይ ዋለ። ይህ መድኃኒት የሚሠራው በዚያው በጋባ መንገድ ነው። በ1969 ከ500 በላይ ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ መድኃኒቱ መንዘፍዘፍንና ቅዠትን በደንብ እንደሚቀንስ አሳየ። ሐኪሙ ለጥቂት ቀናት ይሰጥና ቀስ እያለ ይቀንሰዋል፤ ፍሬኑን በአንዴ ሳይሆን ቀስ አድርጎ እንደ መልቀቅ ነው።

ቀናቱ አልፈው ወራቱ ሲመጡ

ሰው ብዙ ጊዜ «አንድ ሳምንት ከቻለ አለቀ» ብሎ ያስባል። አላለቀም። የመጀመሪያው ሳምንት አደገኛው ነው፤ ወራቱ ግን አድካሚዎቹ ናቸው። አንጎል ነዳጁን ከረገጠበት እግሩን የሚያነሳው ቀስ ብሎ ነው።

እንቅልፍን ውሰዱ። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ነገር ግን ሕልም የምናይበትን የእንቅልፍ ክፍል ይሰርቃል። መጠጥ ሲቆም ያ ክፍል ተጠራቅሞ ይመለሳል። ሕልሙ ይበዛል፣ ይደምቃል፤ ብዙዎች ሲጠጡ አልመው ደንግጠው ይነቃሉ። እንቅልፍ ሙሉ በሙሉ እስኪስተካከል ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ስሜትም እንዲሁ ነው። በ1988 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ለሕክምና የገቡ 191 ወንድ ጠጪዎችን ተከታትሏል። ሲገቡ 42 በመቶዎቹ ከባድ የድብርት ምልክት ነበራቸው። በአራተኛው ሳምንት የቀሩት 6 በመቶ ብቻ ነበሩ። አያችሁ? ብዙ ሰው «ድብርቴን ለመርሳት ነው የምጠጣው» ይላል። ለአብዛኞቹ ግን ድብርቱን ያመጣው መጠጡ ራሱ ነበር። በአራት ሳምንት የማይለቅ ድብርት ደግሞ የራሱ ሕክምና ያስፈልገዋል ማለት ነው።

አንጎል ራሱስ? በ1970ዎቹ ሲቲ ስካን ሲመጣ የብዙ ጠጪዎች አንጎል ተኮማትሮ ታየ። «የሞተ አንጎል አይመለስም» ተባለ። በ1978 ግን በቶሮንቶ የፒተር ካርለን ቡድን መጠጥ ባቆሙ ሰዎች ላይ ሲቲ ስካኑን ደገመው፤ የአንዳንዶቹ መኮማተር በከፊል ተመልሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በኤምአርአይ የተሠሩ ጥናቶችም አብዛኛው ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈጥኖ፣ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ እንደሚታይ አሳይተዋል። ጉበት ላይ የተጠራቀመው ስብም በሳምንታት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። ጉበቱ ጠባሳ ይዞ ከደረቀ ግን ሁሉም አይመለስም፤ ስለዚህ ቀድሞ ማቆም ዋጋ አለው።

አምሮት ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው። ያ የአክሮኑ ሐኪም ስሚዝ ካቆመ በኋላ ለሁለት ዓመት ተኩል ያህል አምሮቱ እንዳልለቀቀው ጽፏል። ቢሆንም በ1950 እስኪሞት ድረስ አልጠጣም።

ይህ ለእናንተ ምን ያደርጋል?

ከእናንተ ውስጥ አባቱ፣ አጎቱ፣ ወንድሙ ወይም እናቱ የሚጠጡበት ሰው አይጠፋም። ጠላ ይሁን ጠጅ፣ አረቄ ይሁን ውስኪ፣ አንጎል የሚያውቀው አልኮሉን ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ያዙልኝ።

አንደኛ፣ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» ሲል ደስ ይበላችሁ፤ ግን ብቻውን ክፍል ዘግቶ እንዲያልፈው አትተዉት። አስቀድሞ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይታይ። ጠበል የሚሄድም ቢሆን መጀመሪያ ሐኪም ቢያየው ይሻላል። ከተንዘፈዘፈ፣ የሌለ ነገር ማየት ከጀመረ፣ ትኩሳትና ግራ መጋባት ከመጣበት ጉዳዩ የሰዓታት ነው፤ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት።

ሁለተኛ፣ በሦስተኛው ሳምንት በትንሽ ትልቁ ሲቆጣ፣ ሌሊት ሲንጎራደድ፣ ያለ ምክንያት ሆድ ሲብሰው «አቁሞም አልተሻለውም» አትበሉ። ያኔ ጎረቤት መጥቶ «ኧረ ትንሽ ይቅመስና ይረፍ» ሊል ይችላል፤ ከልቡም ነው የሚለው። እናንተ ግን አሁን ምን እየሆነ እንዳለ ታውቃላችሁ። ያ ሰው ባሕርዩ አልተበላሸም፣ ወኔም አላጣም። አንጎሉ በዓመታት የለመደውን በሳምንታት ሊረሳ እየታገለ ነው። ሻይ አፍሉለት፣ አብራችሁት በእግር ተንሸራሸሩ፣ ያለፉትንም ቀናት ቁጠሩለት።