ጅራፍ ጐንጓኙ

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት የተጻፈ ታሪክ ብዙ አንብባችኋል። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ጅራፍ ነው። ነገሩ ከታሪክ መጽሐፍ የማይገባ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ዘመን በልቤ ተቀምጦ ስለ ኖረ ሳልጽፈው ብቀር ደስ አይለኝም።

ሐረር ከጥንት ጀምሮ የከብትና የቆዳ ገበያ ናት። ከጀጎል በሮች አንዱ በአማርኛ ሰንጋ በር ይባላል፤ ዋናው አደባባይ ፈረስ መጋላ መባሉም የፈረስ ገበያ ማለት ነው። በ1873 ዓ.ም. ወደ ሐረር የመጣው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ግጥሙን ትቶ ለነጋዴው ለባርዴ ቡናና ቆዳ ይገዛ ነበር። የከተማይቱ ጠራዦች ደግሞ ቁርኣንን በቆዳ ሲደጉሱ ኖረዋል። እንግዲህ ያው ቆዳ በአንዱ እጅ የመጽሐፍ ልብስ፣ በሌላው እጅ ጅራፍ ይሆናል።

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ስንማር የፈረስ ጋላቢ አለንጋ «ክራቫሽ» እንደሚባል ተነግሮን ነበር። ቃሉ ከቱርክ ቋንቋ የወጣ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ግብፆች «ኩርባጅ» ይሉታል። ሐረርን ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. የገዛው የግብፅ መንግሥት በገዛ አገሩ ገበሬውን ግብር ያስከፍለው የነበረው በዚሁ ከጉማሬ ቆዳ በሚሠራ ኩርባጅ ነበር፤ በ1875 ዓ.ም. እዚያው ግብፅ ውስጥ በትእዛዝ ተከለከለ። በአገራችንም ጉማሬ ሲባል አውሬውም አለንጋውም በአንድ ስም ይጠራል። ይህ አለንጋ አይጐነጐንም። ወፍራሙ ቆዳ በቁመቱ ተሰንጥቆ፣ ሳይደርቅ ተድቦልቡሎ፣ ደርቆ ይወጣል። ለገላ የተሠራ ነው።

ጅራፍ ግን ሌላ ነው። በማስተማር ሥራ በጀመርሁበት ዘመን በሸዋ በር ገበያ ዳር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ሲጐነጕኑ ቆሜ አይ ነበር። ጠጕሩ የተፋቀውን የበሬ ቆዳ ከጠርዙ ጀምረው እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደ ውስጥ እያዞሩ ይቈርጡታል፤ በዚህ ዓይነት ከአንድ ክብ ቆዳ አንድ ረጅም ጠፍር ይወጣል። ጠፍሩን በውኃ ያርሱታል፣ በስብ ያሹታል፣ ጠርዙንም በቢላዋ ያለዝቡታል። ከእጀታው አጠገብ ሲጀምሩ ጠፍሮቹ ብዙ ናቸው፤ እየወረዱ ሲሄዱ አንድ አንድ እያስቀሩ ጫፉ ላይ በጣም ያቀጥኑታል። ከጫፉ ላይ ቃጫ ያስሩበታል። አንዲት ጠፍር ከላላች ጅራፉ ይጣመማልና ያን ጊዜ ሁሉንም ፈትተው እንደ ገና ይጀምሩ ነበር። (እኔ ተማሪ አንድ ሒሳብ ሲሳሳት እንደ ገና ሥራ ብዬ የምቈጣውን ያህል ትዕግሥት በራሴ ላይ አልነበረኝም።)

ጅራፍ የሚጮኸው በሬውን ስለሚመታ አይደለም። ከወፍራሙ ወገን የተነሣው ኀይል ወደ ቀጭኑ ሲተላለፍ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄድና ጫፉ ድምፅ በአየር ውስጥ ከሚሄድበት ፍጥነት፣ በሴኮንድ 340 ሜትር ከሚያህለው ይበልጣል። አሜሪካውያን ሊቃውንት ይህን በ1958 እ.ኤ.አ. መርምረው አሳይተዋል። በቡሄ ዕለት፣ ነሐሴ 13 ቀን፣ ልጆች የሚያጮኹት ጅራፍም እንዲሁ አየርን ነው የሚመታ።

ከእኚህ ሽማግሌ አንዱን ጅራፍ አንሥቼ ዋጋውን ጠየቅሁ።

«መምህር፣ በስንት ጥማድ ያርሳሉ?» አሉኝ።

«በሬ የለኝም አባባ፤ ለተማሪዎቼ ነው» አልሁ።

ጅራፉን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱት። «ደኅና አራሽ በሬው ጆሮ አጠገብ ያጮኸዋል እንጂ በሬውን አይነካውም። ይህ ለእርስዎ አይሆንም» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። አንድ ቆዳ ፋቂ መምህርን ገሠጸ ብዬ ተናድጄ ሄድሁ። ከሌላ ሰው ጉማሬ ገዛሁ።

በዚያው ዓመት በክፍሌ የቆዳ ፋቂ ልጅ ነበረ። ዝምተኛ፣ ጽሕፈቱ ያማረ ልጅ ነው። አንድ ቀን ጓደኞቹ በአባቱ ሥራ ሰደቡትና ተደባደበ። እኔ ስገባ ያየሁት እሱ ሲመታ ብቻ ስለ ነበረ ምክንያቱን ሳልጠይቅ በሁሉ ፊት ገረፍሁት። የሰደቡትን አንድም ቃል አልተናገርኋቸውም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ቆዳ ፋቂውን፣ ሸማኔውን፣ ብረት ሠሪውን በሥራው ምክንያት መስደብ መከልከላቸውን በዚያው ወር ያስተማርሁ እኔ ነኝ። ልጁም አዋጁን ከማንም በተሻለ ጽሕፈት በደብተሩ ገልብጦት ነበር።

በማግሥቱ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። አባቱን ፈልጌ ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ መምህር ወደ ቆዳ ፋቂ ቤት ሄደ እንዳልባል ቀረሁ። በኋላ ስሄድ ቤቱ ተዘግቶ፣ ቤተ ሰቡ ወደ ሌላ አገር ሄዷል ተባልሁ። ጉማሬውን ከዚያ ወዲህ አልያዝሁትም፤ ይሁን እንጂ በሌላ በትር መምታቴን ወዲያው ተውሁ ብል ውሸት ነው።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ደነገገ። አንቀጹን ለክፍሌ ጮክ ብዬ አነበብሁት። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አነሣና «መምህር፣ ከዚህ በፊትስ ማን ፈቅዶ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

መጽሐፉን አጥፌ ወደ ሰሌዳው ዞርሁ። ደወሉ እስኪደወል ድረስ የዕለቱን ቀን ስጽፍና ሳጠፋ ቆየሁ።