በሸክላ ዕቃ ውስጥ ያረጁ ታላላቅ ዛፎች

ቦንሳይ የሚለው የጃፓን ቃል ጥልቀት በሌለው ዕቃ ውስጥ የተተከለ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ቃሉን ስንሰማ በመዳፍ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ችግኝ ትታየናለች። ይሁንና ጃፓኖች የዛፉን መጠን የሚገልጹት ለማንሣት በሚያስፈልጉት እጆች ቍጥር ነውና፣ ባለ ሁለት እጅ፣ ባለ አራት እጅ፣ አልፎም ባለ ስምንት እጅ የሚባል አለ። ይህ የመጨረሻው አራት ሰዎች ተጋግዘው የሚያነሡት መሆኑ ነው። እዚህ ልናወሳ የፈለግነው ስለ ትላልቆቹ፣ በተለይም በሞቃት አገር ዛፎች ስለሚሠሩት ነው።

ጥበቡ የተወለደው በቻይና ነው። በ706 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በተሠራው የልዑል ዣንግኋይ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ትንንሽ ድንጋዮችና ተክሎች ያሉበትን ዕቃ የያዘ አገልጋይ ተሥሎ ይታያል። ጃፓኖች ሙያውን ከቻይና ወስደው በራሳቸው መንገድ አሳደጉት፤ ዓለምም ያወቀው እነርሱ ባወጡለት ስም ነው።

ጃፓኖች በብዛት የሚሠሩት እንደ ጥድ ባሉ፣ በክረምቱ ብርድ ዕድገታቸውን በሚገቱ ዛፎች ነው። ቅርንጫፉን በሽቦ ጠምጥመው ወደሚፈልጉት አቅጣጫ ያጐብጡታል። በሞቃት አገር ግን ዛፉ ፈጥኖ ስለሚወፍር ሽቦው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ልጡን ቈርጦ ይገባል። በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዡ አካባቢ የተስፋፋው የሊንግናን ትምህርት ቤት ዋና መሣሪያው መቀስ ነው። ሊንግናን ማለት ከተራሮቹ በስተደቡብ ያለ አገር ማለት ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ቅርንጫፉ እንደ ልቡ እንዲያድግ ይለቀቃል፤ የተፈለገውን ያህል ሲወፍር ያለ ርኅራኄ ይቈረጣል፤ ከቍርጡ አጠገብ የሚወጣው አዲስ ቀንበጥ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል፤ እርሱም ወፍሮ በተራው ይቈረጣል። አንድ ቅርንጫፍ እስኪያልቅ ብዙ ዓመት ይፈጃል። የዕድገቱ ፍጥነት፣ ለሽቦው ችግር የሆነው ያው ጠባይ፣ እዚህ ላይ ለሠራተኛው ጕልበት ሆነው።

በሞቃት አገር ቦንሳይ ከሁሉ የሚመረጠው ፊከስ ነው። የእኛ ዋርካና ሾላም የዚሁ ወገን ናቸው። ሲቈረጥ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል፣ ቍስሉም ቶሎ ይድናል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ከቅርንጫፎቹ ሥሮች ወደ ታች ይወርዳሉ፤ አፈር ሲነኩ ወፍረው ምሰሶ ይሆናሉ፤ በመጨረሻም ከግንዱ ጋር ይዋሐዳሉ። ዛፉ ግዙፍና የጥንት የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይመስላል አልን። ጣሊያን ውስጥ በሚላኖ አጠገብ በፓራቢያጎ ከተማ፣ በ1991 በተከፈተው የክሬስፒ የቦንሳይ ቤተ መዘክር፣ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው የሚባል ፊከስ አለ። ሲያዩት የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን የታሪክ መምህር በምን ታወቀ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ብርድና ሙቀት በሚፈራረቁበት አገር ግንዱ በየዓመቱ አንድ ክብ ስለሚጨምር መቍጠር ይቻላል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚያድግ የሞቃት አገር ዛፍ ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ የታመነ ምልክት የለውም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ዋናው ማስረጃ የሰው መዝገብ ነው። በ1976 ጃፓን ለአሜሪካ ከሰጠቻቸው 53 ዛፎች አንዱ የሆነው ነጭ ጥድ፣ ከ1625 ጀምሮ በእንክብካቤ እንደ ቈየና በ1945 ከሂሮሺማ ቦምብ እንደ ተረፈ የሚታወቀው፣ ታሪኩን ያቈዩለት ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።

በሌላ በኩል በፍሎሪዳ፣ በፎርት ፒርስ ከተማ በሚገኘው በሂዝኮት የዕፅዋት ሥፍራ ከመቶ የሚበልጡ የሞቃት አገር ቦንሳዮች አሉ፤ ጂም ስሚዝ የተባለ ባለሙያ አሳድጎ የሰጣቸው ናቸው። በእነዚህ ላይ የሚታየው የእርጅና መልክ በአንድ ሰው የሥራ ዘመን የተገኘ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ከሺህ ዓመቱ ወሬ ያላነሰ ያስደንቃል።

የሊንግናን ባለሙያዎች ዛፉን ለተመልካች ሲያቀርቡ አስቀድመው ቅጠሉን በሙሉ በእጃቸው ይለቅማሉ። ተመልካቹም ራቍቱን በቆመው ዛፍ ላይ መቀሱ የት የት እንዳረፈ፣ ከየቍርጡ ቀጥሎ የወጣው ቅርንጫፍ ወዴት እንደ ዞረ ይከታተላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዲሱ ቅጠል ወጥቶ ሁሉን ይሸፍነዋል።