መንገዱ ደረሰ፣ መኪናውስ? የምዕራብ ደቡብ ወሎ የሕዝብ ማመላለሻ አጭር ታሪክ

(ለተማሪዎችና ለመምህራን በመካነ ሰላም ከቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ የተወሰደ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)



ስለ መኪና የታሪክ ገለጻ እሰጣለሁ ስል አንዳንድ ባልደረቦቼ ፈገግ ብለዋል። አልፈርድባቸውም። የታሪክ ትምህርታችን ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ውል ብዙ ይናገራል፤ ሰው ከመንደሩ ወጥቶ እንዴት ወደ ገበያ፣ ወደ ሐኪም ቤት፣ ወደ ፍርድ ቤት እንደ ደረሰ ግን ብዙም አይጠይቅም። ይሁንና እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጣችሁት አብዛኞቻችሁ መካነ ሰላም የደረሳችሁት በመኪና ነው። ያ መኪና ከየት መጣ? ከማን ጊዜ ጀምሮ? ለምን ዘገየ? የዛሬው ገለጻዬ በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ላይ ያተኩራል።

ላስረዳ የምፈልገው ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ የመንገድ ታሪክና የትራንስፖርት ታሪክ አንድ አይደሉም። መንገድ ተሠርቶ ሕዝቡ ግን በእግሩ ሲሄድ የኖረባቸው ዘመናት አሉ። ሁለቱን አንድ አድርገን ስንጽፍ በመንገዱ ዳር ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ከታሪክ ይወጣል።

በዚህ አገር ከታወቁት የመንገድ ሥራዎች ሁሉ ገናናው የዐፄ ቴዎድሮስ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋፋት የተሠራውንና ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን «ሴባስቶፖል» የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተጓዙ። የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ለመሻገር ዐለት እየተፈለጠ፣ ገደሉ እየተደለደለ፣ ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ እያነሡ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። በዚያው ወቅት ጄኔራል ናፒየር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ፣ 44 ዝሆኖችን ጨምሮ እጅግ ብዙ የጭነት እንስሳትን እየነዳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ መጣ። ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ላይ ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ በገዛ እጃቸው አረፉ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ ተቀምጦ አለ።

እኔ ግን ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምጠይቀው ሌላ ነው። ያ ሁሉ መንገድ ምን ሆነ? ከመድፉ በኋላ ማን ሄደበት? የነጋዴ ሲራራ፣ የገበያተኛ አህያ፣ የተሳላሚ በቅሎ በየራሳቸው የጥንት ዱካ መመላለሳቸውን ቀጠሉ። የቴዎድሮስ መንገድ ለአንድ ጭነትና ለአንድ ጉዞ የተሠራ ነበርና፣ ጭነቱ ሲደርስ መንገዱም አገልግሎቱን ጨረሰ። መንገድ የሚጠብቀውና የሚመላለስበት ካላገኘ አንድ ክረምት ይበቃዋል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመንም ይህን ሥርዓት አልለወጠም። ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ሲዘምቱ የሸዋ ጦር እንዲከት ያዘዙት ወረኢሉ ላይ ነበር፤ ይህም ምሥራቃዊው የወሎ ደጋ በሰሜንና በደቡብ መካከል የጦርና የንግድ መተላለፊያ እንደ ነበረ ያሳያል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ደሴን ከያዘ በኋላ ወደ አዲስ አበባ የገሰገሰው ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ነው። በወረራው ዘመን የተሠራው የአዲስ አበባ፣ የደሴና የአስመራ ጎዳና፣ እስካሁን የምናልፍበትን የጣርማ በር ዋሻ ጨምሮ፣ የተሠራው የቅኝ ገዢውን ጦርና ስንቅ ለማመላለስ ነበር። ጎዳናው የደጋውን ምሥራቃዊ ጠርዝ ይዞ አለፈ። ቦረና፣ ሳይንት፣ ለጋምቦ፣ ወግዲና ከላላ ከጎዳናው በስተ ምዕራብ ከበሽሎና ከአባይ ሸለቆዎች ጋር ተፋጠው ቀሩ።

ከነፃነት በኋላ መንግሥት በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ ጥገና ተበደረ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ገንዘቡ በዋናነት የዋለው ጣሊያን ትቷቸው የሄዱትን ዋና ዋና ጎዳናዎች ለማደስ ነበር። ውሳኔው በጊዜው ምክንያታዊ ነበር፤ የተሠራን ማዳን አዲስ ከመሥራት ይቀላል። ነገር ግን የወራሪውን ካርታ አጸና። አውቶቡሱም መንገዱን ተከተለ። ከአዲስ አበባ ደሴ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት የአንድ ቀን የመኪና ጉዞ ሲሆን፣ ከመካነ ሰላም ደሴ ያለው 180 ኪሎ ሜትር ያህል ግን ስንቅ ሰንቆ፣ በየመንደሩ «የእግዜር እንግዳ» እያሉ እያደሩ አራት አምስት ቀን በእግር የሚሄዱት ነበር። ከእጥፍ የሚበልጠውን ርቀት በአንድ ቀን፣ ከግማሽ የሚያንሰውን በሳምንት! የርቀት መለኪያው ኪሎ ሜትር አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

የዚህ ሥርዓት ዋጋ የታየው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረኀብ ነው። የተራበው ገበሬ ቀዬውን ትቶ ወደ ዋናው ጎዳና ወጣ፤ መጠለያዎቹም የተተከሉት በዚያው ጎዳና ዳር ባሉ ከተሞች ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረኀብም ዓለም ያየው የቆረምን ሰፈር ነው፤ ቆረምም ከዚያው ጎዳና ላይ ናት። የረኀብ መንስኤ የመንገድ እጦት ብቻ ነው አልልም፤ የመሬት ሥሪቱ፣ ግብሩ፣ ድርቁ፣ የመንግሥት ዝምታው ሁሉ አለበት። ሆኖም እህል ወደ ሰው መሄድ ሲያቅተው ሰው ወደ እህል መሄድ ግድ ሆነበት። ለመሄድ አቅም ያልነበረው ደግሞ ፎቶግራፍ አንሺ ባልደረሰበት ስፍራ ቀረ። የታሪክ ምንጮቻችን እንኳ የመኪና መንገድን ተከትለው የተጻፉ መሆናቸውን ልብ በሉ።

በደርግ ዘመን የሕዝብ ማመላለሻ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ገባ። ባለንብረቶች በማኅበር ተደራጁ፤ መኪና የሚወጣው በስምሪት፣ የሚከፈለው በታሪፍ ሆነ። ዛሬ መናኸሪያ ውስጥ የምንሰማቸው «ተራ»፣ «መውጫ»፣ «ስምሪት» የሚሉ ቃላት የዚያ ዘመን ቅርሶች ናቸው። ሥርዓቱ ሁለት ገጽታ ነበረው። ባለ መኪናው ትርፍ ወዳለበት ብቻ እንዳይሄድ ያስገድደዋል፤ በሌላ በኩል ግን ተራው ካልደረሰ፣ ወረቀቱ ካልተፈረመ፣ መኪናው ቆሞ እያየነው አንሄድም። በ1984 ዓ.ም. የጭነት ማመላለሻው ሲለቀቅ የሕዝቡ ማመላለሻ በታሪፍና በስምሪት እንደ ታሰረ ቀጠለ። ገበያው ያልፈለገውን መስመር ግን ታሪፍ አልሞላውም።

እስቲ ስለ መኪናው ራሱ ጥቂት ልበል። በአገራችን ሰው አነጋገር አውቶቡስ «መኪና» ነው፤ ሌላ ስም አያስፈልገውም። ፖርቶ መጋላው ላይ ሙክትና ዶሮ፣ ማርና ቅቤ፣ የተማሪ ሣጥንና የሙሽራ ጥሎሽ ይጫናል። በጭቃ ሲያዝ ወንዱ ወርዶ ይገፋል፣ ሴቱ ድንጋይ ያቀብላል። ሹፌሩና ረዳቱ ፖስታ ቤትም ባንክም ነበሩ፤ ደሴ ለሚማር ልጅ የሚላክ ገንዘብ፣ ለታመመ የሚገዛ መድኃኒት፣ የልቅሶ መርዶ ሁሉ በእነርሱ አደራ ይሄድ ነበር። ለዚህ አደራ ደረሰኝ አልነበረም፤ አደራ በላ የተባለ ሹፌርም በዚያ መስመር ፊቱን አያሳይም ነበር። ይህን የመተማመን ሥርዓት እስካሁን በቅጡ ያጠናው የለም።

ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም፣ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቀበሌን ሁሉ በመንገድ ለማገናኘት የታለመው ፕሮግራም ብዙ ለውጥ አመጣ። በእግር አራት ቀን የነበረው የደሴ ጉዞ የአንድ ቀን ሆነ። ቅጥቅጡ፣ አባዱላው፣ ባጃጁ መጣ። ይህ ዩኒቨርሲቲ እዚህ ካምፓስ ሊኖረው የቻለውም መንገዱ ስላለ ነው። ምስጋናውን መንፈግ ነውር ይሆናል።

ነገር ግን የራሴን አንድ ነገር ልንገራችሁ። መምህርነት በጀመርኩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እናቴ በጠና ታመመች። ከመንደራችን እስከ መኪና መንገዱ ጎረቤቶች በቃሬዛ አወረዷት። መንገድ ነበረ፤ መኪናም ቆሞ ነበር። ረዳቱ ግን «ሳይሞላ አንወጣም» አለ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ጠበቅን። የባዶውን ወንበር ሁሉ ሂሳብ ለመክፈል ኪሴን ብፈትሽ አልበቃኝም። በኋላ ተሳፋሪዎቹ አዋጡና ተነሣን። እናቴ ተረፈች፤ «እነዚያን ልጆች እግዜር ይስጣቸው» እያለች ብዙ ዓመት ኖረች። በረዳቱ አልፈርድም። ነዳጁን፣ ጎማውን፣ የባለቤቱን የቀን ገቢ የሚከፍለው ወንበሩ ነው። ጥያቄዬ ከእርሱ በላይ ነው፤ መንገዱን የሠራው የሕዝብ ገንዘብ ከሆነ፣ ባዶው ወንበር ለምን የታማሚው ዕዳ ይሆናል?

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በሌሎች አገሮች ሰው በማይበዛባቸው መስመሮች ላይ መንግሥት ለማመላለሻው ድጎማ ይከፍላል። በአዲስ አበባም የከተማ አውቶቡስ በድጎማ ይሠራል። ለከተማ ነዋሪ የተፈቀደው መርሕ ለሳይንትና ለወግዲ ገበሬ ለምን እንደማይታሰብ ታሪክ ብቻውን አይመልስም፤ መጠየቅ ግን የታሪክ ሥራ ነው።

ሌላው የአባይ ጉዳይ ነው። ከዚህ ደጋ ጫፍ ቆሞ የሚያይ ሰው ጎጃም በዐይኑ ይገባል። የጥንት ሰው በበጋ መልካውን እየተሻገረ ይገበያይ፣ ይጋባም ነበር። የመኪና ዘመን ግን ጎረቤታሞቹን አራራቀ፤ መኪና የሚሻገርበት ድልድይ በሌለበት ጊዜ ወደ ምሥራቅ ጎጃም በመኪና ለመሄድ ወይ በአዲስ አበባና በደጀን፣ ወይም በወልድያ፣ በወረታና በባሕር ዳር መዞር ግድ ነበር። ከኮምቦልቻ በመካነ ሰላም አልፎ ጉንደወይን የሚያደርሰው መንገድ የታቀደው ይህን ለማቃናት ነው። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት በተያዙ ጊዜ የምዕራቡ ደጋ ዋና በር ሲዘጋ ምን እንደሚሆን አይተናል። ከአንድ በላይ በር ያለው አገር በክፉ ቀን መተንፈሻ አለው።

ስለዚህ ለተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ ሰጥቼ ላብቃ። ወደዚህ ደጋ መጀመሪያ መኪና ያመጡ ሹፌሮች፣ ረዳቶችና ተራ አስከባሪዎች አርጅተዋል። የስምሪት መዝገብና የታሪፍ ሰሌዳ በየመናኸሪያው ጥግ ምስጥ እየበላው ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ጠፋ የምትሉ፣ ነገ ጠዋት መናኸሪያ ውረዱ። ከሹፌሩ ጋር ብቻ አትነጋገሩ፤ መንገድ ዳር ቃሬዛ ይዘው የጠበቁትንም፣ ነፍሰ ጡሯንም፣ ሐምሌ 7 ቀን በዝናብ ወደ ጋስጫ የሄዱትን ተሳላሚም፣ ለመውሊድ የወጣውንም ጠይቁ። መንገዱ የደረሰበት ዓመት በመንግሥት ሪፖርት ተጽፏል። መኪናው የደረሰበትን ቀን ግን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።