ከምድር የወጣ ውበት፦ የማዕድን መዋቢያዎች ታሪክና የደኅንነት ጥያቄ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ባለፈው መንፈቀ ዓመት አንዲት ተማሪዬ ከክፍል ስንወጣ ያቀረበችልኝ ጥያቄ ነው። «ማዕድናዊ የሚባለው ሜካፕ ለቆዳም ለአካባቢም ከሌላው ይሻላል ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ የቆዳ ሐኪም አለመሆኔን ነግሬያት ልገላገል አስቤ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳሰላስለው ግን ጥያቄው ለታሪክ ባለሙያም ድርሻ እንዳለው ተረዳሁ። ሰው ፊቱንና ዓይኑን በማዕድን ማስዋብ የጀመረው ዛሬ አይደለምና፤ ከአምስት ሺህ ዓመት በላይ የሚሆን የተመዘገበ ልምድ አለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

በቅድሚያ ስሙን እንመርምር። ዛሬ ማዕድናዊ ሜካፕ ተብሎ የሚሸጠው ዱቄት በአብዛኛው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን፣ ዚንክ ኦክሳይድን፣ የብረት ኦክሳይዶችንና ማይካን የያዘ ነው፤ አንዳንዱም ቢስመዝ ኦክሲክሎራይድ ይጨመርበታል። ሻጮቹ ሽቶና መከላከያ ኬሚካል የሌለበት፣ ከተፈጥሮ በቀጥታ የተገኘ ነው ይሉናል። የመጀመሪያው አባባል ለብዙዎቹ ምርቶች እውነት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ግን አከራካሪ ነው። ለምሳሌ ቀይና ቢጫ ቀለም የሚሰጡት የብረት ኦክሳይዶች በአብዛኛው በፋብሪካ የሚሠሩ ናቸው፤ ምክንያቱም በቀጥታ ከመሬት የተቆፈረው አፈር አርሴኒክና እርሳስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። እንግዲህ ምርቱን ከአደጋ የጠበቀው ተፈጥሮ ሳይሆን ፋብሪካው ነው ማለት ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከኩል እንጀምር። የጥንት ግብፃውያን ዓይናቸውን የሚኳሉት ማላካይት በሚባለው አረንጓዴ ማዕድንና ጋሌና በሚባለው ጥቁር የእርሳስ ማዕድን ነበር። ካይሮ ሙዚየም የሚገኘው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 3100 ገደማ የተሠራው ዝነኛው የናርመር ሰሌዳ ራሱ በቅርጹ የኩል መፍጫ ድንጋይ ነው። ንግሥት ሃትሼፕሱት ወደ ፑንት ምድር የላከቻቸው መርከቦች ጭነው ከተመለሷቸው ሸቀጦች መካከል ከዕጣኑና ከዝንጀሮዎቹ ጋር የዓይን መኳያ እንደነበረበት በዴይር ኤል ባህሪ ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተጽፏል። የፑንት ትክክለኛ ሥፍራ ዛሬም የሚያከራክር ቢሆንም፣ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የሚያመለክቱት ወደ እኛው የቀይ ባሕር አካባቢ ነው።

በ1999 በፊሊፕ ዋልተር የሚመራ የፈረንሳይ ቡድን በሉቭር ሙዚየም ከሚገኙ የግብፅ የመዋቢያ ዕቃዎች የተገኘውን ዱቄት መርምሮ ውጤቱን ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳተመ። በዱቄቱ ውስጥ ከጋሌና ሌላ ሁለት የእርሳስ ክሎራይድ ውህዶች ተገኙ። እነዚህ በተፈጥሮ እምብዛም የማይገኙ በመሆናቸው፣ ግብፃውያኑ ከአራት ሺህ ዓመት በፊት ሆን ብለው እንደሠሯቸው ቡድኑ ደመደመ። ከዓመታት በኋላ እነዚሁ ተመራማሪዎች እጅግ አነስተኛ የእርሳስ መጠን በቆዳ ሕዋሳት ውስጥ ተሐዋስያንን የሚከላከል ምላሽ ሊቀሰቅስ እንደሚችል በላብራቶሪ አሳዩ። ነገሩ ማራኪ ነው፤ ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ ኩል መድኃኒት ነው ማለት መቸኮል ይሆናል። በ2012 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከናይጄሪያ የመጣ ጥሬ ኩል በዓይኑ ዙሪያ ይቀባ የነበረ የቦስተን ሕፃን ደም በእርሳስ መመረዙን ዘግቧል። ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች የሚለው የእኛ ተረት የሚናገረው ስለ ሌላ ቢሆንም፣ እዚህ ላይ ቃል በቃል የቀረበ ይመስላል።

ታሪኩ ይበልጥ የሚከብደው ግን በነጩ ዱቄት ላይ ነው። ነጭ እርሳስ የሚባለው የፊት ቅባት ከግሪክና ከሮም ዘመን ጀምሮ ይታወቅ ነበር። የአሠራሩን ሂደት ልንገራችሁ፤ የእርሳስ ብረት ቅጠሎች ኮምጣጤ ከያዙ ማሰሮዎች በላይ ይደረደራሉ፣ በፈረስ ፍግ ይከበባሉ፣ ለሳምንታት ተዘግተው ይቆያሉ። ከፍጉ የሚወጣው ሙቀትና አየር ከኮምጣጤው ትነት ጋር ሆኖ ብረቱን ወደ ነጭ ቅርፊት ይለውጠዋል። ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ታጥቦና ተፈጭቶ ዱቄት ይሆናል። ሽማግሌው ፕሊኒ በመጀመሪያው መቶ ዓመት ይህ ዱቄት የሴቶችን ፊት እንደሚያነጣ ጽፎ፣ ወዲያውኑ ገዳይ መርዝ መሆኑንም አክሏል። ስለዚህ «ሰው አያውቅም ነበር» የሚለው ማሳበቢያ አይሠራም። በእንግሊዝ አገር በውበቷ ስሟ የገነነው የኮቨንትሪ ባላባት ሚስት ማሪያ ገኒንግ በ1760 ገና በ27 ዓመቷ ስትሞት፣ የዘመኗ ሰዎች ያመካኙት በዚሁ ቅባት ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ነው የሚሉም አሉ።

እኔን ከባላባቷ ይልቅ የሚያሳስቡኝ ቅርፊቱን የሚፍቁት ሴቶች ናቸው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በለንደንና በኒውካስል በነበሩት የነጭ እርሳስ ፋብሪካዎች ማሰሮዎቹን የሚደረድሩትና ቅርፊቱን ተሸክመው የሚያወጡት በአብዛኛው ድሃ ሴቶች ነበሩ። ቻርልስ ዲክንስ በ1860ዎቹ መጨረሻ በምሥራቅ ለንደን ድሃ ቤቶች ሲዘዋወር በዚሁ ሥራ የተመረዘች ሴት አይቶ ጽፏል። ምርቱ በዋነኛነት ለቤት ቀለም የሚውል እንደነበረ አልክድም። ነገር ግን ፊት ላይ የሚደረገው ዱቄትም የመጣው ከእነዚሁ እጆች ነው።

ጃፓን ውስጥ ደግሞ ነገሩ ሕፃናት ላይ ደረሰ። በኤዶ ዘመን ሴቶች ነጩን ዱቄት ከፊታቸው አልፈው አንገታቸውንና ደረታቸውን ይቀቡት ነበር። ሕፃኑ ከእናቱ ደረት ላይ ሲጠባ እርሳሱን አብሮ ይወስዳል። ከዘመኑ መቃብሮች በወጡ የሳሙራይ ቤተሰብ ልጆች አጥንቶች ውስጥ ከፍተኛ የእርሳስ ክምችት ተገኝቷል። በ1887 በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ይጫወት የነበረ ስመ ጥር የካቡኪ ተዋናይ እግሩ ሲንቀጠቀጥ ታየ፤ ሐኪሞችም ምክንያቱ የፊቱ ቀለም መሆኑን ተናገሩ። ከዚያ በኋላ እርሳስ የሌለበት ዱቄት ለገበያ ቢቀርብም፣ አሮጌው በቆዳ ላይ ይበልጥ ስለሚያምር ሰው አልተወውም። በ1920ዎቹ የኪዮቶው ሐኪም ሂራይ ኢኩታሮ የማጅራት ገትር እየተባለ ብዙ ሕፃናትን ይቀጥፍ የነበረው በሽታ ከእናቶች ዱቄት የመጣ የእርሳስ መመረዝ መሆኑን አስታወቀ። የመንግሥት ክልከላ የመጣው በ1930ዎቹ ነው። ከተዋናዩ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ብትቆጥሩ አርባ ዓመት ያልፋል። ይህን ክፍል ሳስተምር ሁልጊዜ የምቆመው እዚህ ላይ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ የጎደለው ዕውቀት አልነበረም።

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ እመለሳለሁ። ለቆዳ በሚለው በኩል መልሱ ከሞላ ጎደል የሚያረጋጋ ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ለሕፃናት የሽንት ጨርቅ ቁስል ቅባት የሚውል ንጥረ ነገር ነው፤ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድም በጤናማ ቆዳ ዘልቆ የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ሽቶና መከላከያ ኬሚካል ለሚያሳክካት ሴት ይህ ዱቄት በእርግጥ ሊሻላት ይችላል፤ ቢስመዝ ኦክሲክሎራይድ ያለበት ግን አንዳንዶችን ራሱ ያሳክካል። ችግሩ ዱቄቱ በቆዳ ላይ ብቻ አለመቅረቱ ነው፤ ይቦንናል፣ ይተነፈሳል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2006 ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን ሲተነፈስ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል ከሚባሉት መድቦታል፤ ለዚህ መነሻ የሆነው በዋናነት በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት በመሆኑ፣ ፊቷን በብሩሽ ከምትቀባው ሴት ይልቅ በፋብሪካ አቧራ ውስጥ የሚውለውን ሠራተኛ ይመለከታል። ታልክም ከመሬት ሲወጣ አስቤስቶስ ከሚባለው አደገኛ ማዕድን ጋር ተቀላቅሎ ሊገኝ ይችላል። ተቋሙ በ2024 ታልክን ካንሰር ሳያስከትል አይቀርም በሚለው ምድብ አስገብቶታል። ታልክ ደግሞ ማዕድን መሆኑን የሚጠራጠር የለም።

ለአካባቢ የሚለው ክፍል ያን ያህል አያረጋጋም። በ1972 በጣልያን ስካርሊኖ የሚገኝ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ፋብሪካ አሲድ ያለበትን ዝቃጭ በመርከብ ወስዶ በኮርሲካ አቅራቢያ ባሕር ውስጥ መድፋት ጀመረ። በ1973 የባስቲያ ከተማ ሕዝብ «ቀይ ጭቃ» ያለውን ዝቃጭ ተቃውሞ አደባባይ ወጣ። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1978 ስለዚሁ ኢንዱስትሪ ቆሻሻ የተለየ መመሪያ አወጣ። አንድን ነጭ ዱቄት ብቻ የሚመለከት ሕግ ማውጣት ያስፈለገው በከንቱ አይደለም። እርግጥ ከዚህ ምርት ለመዋቢያ የሚውለው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ለግድግዳ ቀለም፣ ለፕላስቲክና ለወረቀት ይሄዳል።

የሚያንጸባርቀው ማይካ ግን ከመዋቢያው ዓለም ጋር በቅርብ የተሳሰረ ነው። በሕንድ ጃርክሃንድና ቢሃር ግዛቶች በተተዉና ፈቃድ በሌላቸው ጉድጓዶች ውስጥ ሕፃናት ሳይቀሩ ቁርጥራጩን ይለቅማሉ። የሮይተርስ ዜና ወኪል በ2016 ባደረገው ማጣራት በሁለት ወር ውስጥ ብቻ ሰባት ሕፃናት መሞታቸውን፣ ቤተሰቦቻቸውም ሥራው እንዳይቋረጥባቸው ዝም ማለታቸውን ዘግቧል። በ2017 መዋቢያ አምራቾች የተካተቱበት የጋራ ድርጅት ተቋቁሞ አቅርቦቱን ለመከታተል እየሞከረ ነው። ጉድጓዱን መዝጋት ብቻ መፍትሔ እንዳልሆነ የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው ይናገራሉ፤ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውምና። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ሆን ተብሎ ከሚጨመር ማይክሮፕላስቲክ ጋር የፕላስቲክ ብልጭልጭንም መከልከል ሲጀምር፣ ባሕሩ እፎይ ሊል ነው። ብልጭታ የሚፈልገው አምራች ግን ከአማራጮቹ አንዱ ይኸው ማይካ ነው። በምድጃ ቀልጦ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ማይካ አለ፤ ንጹሕ ነው፣ ሕፃን አይቆፍረውም፣ ብዙ ጉልበት ግን ይፈጃል። «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል የሚወድ ገዢም ያንገራግረዋል።

ለተማሪዬ በመጨረሻ የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር። በዕቃው ጀርባ ከተዘረዘሩት ቁጥሮች መካከል 77891 ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ 77947 ዚንክ ኦክሳይድ፣ 77019 ማይካ መሆኑን ነገርኳት፤ ለሳንባዋ ስትል ዱቄቱን ከማቦነን ይልቅ ተጨቅጭቆ የተጠፈጠፈውን ብትመርጥ እንደሚሻልም ጨመርኩ። ማይካው ከየት እንደመጣ ለአምራቹ እንድትጽፍ መከርኳት። ጽፋለች፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።