ለማይጽፈው ማን ይጽፍለት? የአሶሳ አካል ጉዳተኞችና የፎርሙ ታሪክ



የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ስለ ሶላት ወይም ስለ ጾም አይደለም። አል-በቀራህ 282 የሚናገረው ስለ ብድርና ስለ ጽሕፈቱ ነው። መጻፍ የሚችል ሰው ሲጠየቅ እምቢ እንዳይል ያዛል፤ ባለ ዕዳው ደካማ ከሆነ ወይም ራሱ ማስጻፍ ካልቻለ ደግሞ ኃላፊው በፍትሕ እንዲያስጽፍለት ይደነግጋል። አንድ ዐይነ ስውር አባት ወይም እግሯን ያጣች እናት የድጋፍ ፎርም ይዘው ቀበሌ በር ላይ ሲቆሙ ባየሁ ቁጥር ይህ አንቀጽ ትዝ ይለኛል። በአሶሳ ይህ ችግር የራሱ ታሪክ አለው።

ከ1890ው የራስ መኮንን ዘመቻ በፊትም በኋላም የቤላ ሻንጉል ሸኾች ደብዳቤ የሚያጽፉት በዐረብኛ ነበር። በዚያ ዘመን ተራው ሰው የሚጻፍ ጉዳይ ቢገጥመው ቁርኣን የቀራ ጎረቤት አያጣም። የመሥሪያ ቤት ቋንቋ አማርኛ ሲሆን ግን የትናንቱ ጸሐፊ ራሱ ጸሐፊ ፈላጊ ሆነ። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ሩጣንኛና ጉሙዝኛ አልተካተቱም ነበር። ስለዚህ ዛሬ አንድ የበርታ ሽማግሌ ፎርም አንብበው መሙላት ቢያቅታቸው፣ ነገሩን የትምህርት ጥላቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ታሪኩን አያውቅም ማለት ነው። ክልሉ ከተቋቋመ በኋላም የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው፤ ፎርሙም በአማርኛ ነው የሚመጣው።

መብቱስ መቼ መጣ? የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 የወጣው በ1955 ነው። አስተማሪውና ወታደሩ አካላቸው ቢጎዳ የሚጠይቁት ነገር አገኙ። በየወንዙ ዳር ወርቅ የሚያጥበው፣ ማሳ የሚያርሰው፣ ከወሎ መጥቶ በቁጥር በተሰየሙት አምባዎች የሰፈረው ገበሬ ግን ከዚህ ውጭ ነበር። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንደሚረዳ ጻፈ። «አቅም በፈቀደ» የምትለዋ ቃል ግን ብዙ ዓመት አስጠበቀች።

የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ ያገኘው ገና በ2003 በወጣው አዋጅ 715 ነው፤ ጉባ ላይ የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ በተጣለበት ዓመት ማለት ነው። አዋጁ በሥራ ላይ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ጉዳት ደርሶበት ለዘለቄታው መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ የደመወዙን 47 በመቶ በየወሩ ይሰጥ ነበር። መቶኛውን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው። በገጠር በ1997 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ደግሞ ቤኒሻንጉል ጉሙዝን አላካተተም። አሶሳ የደረሳት በ2009 የከተማ ሴፍቲኔት ሲጀመር ከ11ዱ ከተሞች አንዷ ሆና ነው። ያኔ ከተጠቃሚዎቹ 84 በመቶው በአካባቢ ልማት ሥራ፣ 16 በመቶው ደግሞ ሥራ ሳይጠየቁ በቀጥታ ድጋፍ እንዲረዱ ታቀደ። አቅም የሌላቸው አረጋውያን፣ ጽኑ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች የሚገቡት በዚህ በ16ቱ ውስጥ ነው። የሚመረጡት በሰፈር ኮሚቴና ቤት ለቤት በሚሞላ መጠይቅ ነበር።

እንግዲህ ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። መጠይቅ የሚሞላው በመልስ ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ መልስ አሰጣጡን ታውቁታላችሁ። «አባባ፣ እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «አልሐምዱ ሊላህ፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። አንድ እግር የላቸውም፣ ሌሊት በሕመም አይተኙም፣ ውሃ የሚያመጣላቸው የጎረቤት ልጅ ነው፤ መልሱ ግን «አልሐምዱ ሊላህ» ነው። ይህ ለአላህ የሚቀርብ ምስጋና ነው። መጠይቅ የያዘው ሰው ግን «ደህና» ብሎ ይጽፋል። ድጋፉ እንደገና ሲጣራም የሚታየው ያ ወረቀት ነው። ከድጋፍ የሚወጣ ሰው ሁሉ በተንኮል የወጣ አይምሰላችሁ፤ በጨዋነቱ የወጣም አለ።

ስለዚህ የሚረዳ ወጣት አጠያየቁን ይቀይር። «እንዴት ነዎት» ይቅርና «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ከቤት ወጡ? ሽንት ቤት ማን ይዞዎት ይሄዳል? ሰው ከሌለ ምን ይበላሉ?» ይበል። የሚጻፈው የጥሩው ቀን ብቻ ሳይሆን የብዙው ቀን ኑሮ ነው። ሩጣንኛ ወይም ጉሙዝኛ የሚችል ሰው ካለ በዚያ ቋንቋ ይጠየቁ፤ ዘመድ ሲያስተረጉም የራሱን አሳብ እንዳይጨምር ልብ በሉ። አንዳንድ ልጅ እናቱ ፊት ስለ ሕመሟ ማውራት ያፍራል፤ ያን ጊዜ ሌላ ሴት ትጠይቃት።

ማጋነንም አይገባም። የሚያዩ ዓይኖችን «ታውረዋል» ብሎ መጻፍ የሌላውን ድሃ ድርሻ መውሰድ ነው፤ አንቀጹም «በፍትሕ» ይጻፍ ነው የሚለው። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ከማሳረፋቸው በፊት የተጻፈው ሁሉ ድምፅ ከፍ ተደርጎ በሚሰሙት ቋንቋ ይነበብላቸው። የሰውን ሕመም ከሞሉለት በኋላ በየሻይ ቤቱ ማውራት አማናን መብላት ነው።

ፎርሙ ሲገባ በመዝገብ ቤት ገቢ ቁጥርና ቀን ይጻፍበት፤ አንድ ኮፒ፣ ካልተቻለም በስልክ ፎቶ፣ ከባለቤቱ ጋር ይቅር። ስማቸው ከዝርዝሩ ቢወጣ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁላቸው። በሴፍቲኔቱ ከሆነ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ በጡረታው ከሆነ ጉዳዩ ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ይሄዳል። ሁለቱም ጋ ያ ገቢ ቁጥር ያለበት ወረቀት ይጠቅማል።