ያረጀውን መቃኛ ለማስለወጥ የተደረገው ጥረት



በዛሬው ንግግራችን የምናወሳው ታሪክ የጦር ሜዳ ወይም የዘውድ ታሪክ አይደለም። በኮምፒውተር ድረ ገጽ የሚከፈትበት፣ ፈረንጆች ብራውዘር የሚሉት መቃኛ ባረጀ ጊዜ፣ ነገሩን ያልለመደው ተጠቃሚ አዲሱን እንዲይዝ ለማድረግ ስንት ዓመት እንደ ፈጀ የሚያስረዳ ነው። ዘመኑን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 የተባለው መቃኛ ከአሜሪካው የማይክሮሶፍት ኩባንያ የወጣው በኦገስት 2001 ነው። በዚያው ዓመት ከወጣው ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር ተያይዞ በዓለም ላይ ወደሚገኙ እጅግ ብዙ ኮምፒውተሮች ገባ። ቀድሞ ይፎካከረው የነበረው ኔትስኬፕ ተሸንፎ ስለ ነበረ ኩባንያው ተዘናጋ፤ 7ኛውን እትም ያወጣው ከ5 ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 2006 ነው። በእነዚህ 5 ዓመታት ውስጥ ብዙ መሥሪያ ቤቶች የውስጥ ሥራቸውን የሚያካሂዱባቸውን ፕሮግራሞች በዚሁ በ6ኛው እትም ጠባይ ልክ አሠሩ። የኋላው ችግር ሁሉ የተፀነሰው በዚህ የዝምታ ዘመን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

አዲሱ እትም ከወጣ በኋላም ቢሆን አሮጌው አልጠፋም። የድረ ገጽ ሠሪዎች አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ለመሥራት ተገደዱ። ከዚህ የከፋው ግን የጸጥታው ጉዳይ ነበር። በጃንዋሪ 2010 ጉግልንና ሌሎች የአሜሪካ ኩባንያዎችን የደፈሩ ሰርጎ ገቦች በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ቀዳዳ እንደ ተጠቀሙ በተገለጠ ጊዜ፣ የጀርመንና የፈረንሳይ መንግሥታት የኮምፒውተር ደኅንነት ክፍሎች ቀዳዳው እስኪደፈን ድረስ ሕዝቡ በሌላ መቃኛ እንዲሠራ መክረዋል።

ታዲያ ተጠቃሚው ስለ ምን አልለወጠም? ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልስ «ስንፍና ነው» የሚል ነበር። ይህ ፍርድ ግን ትክክል አይመስለንም። በ2009 የጉግል ሠራተኞች በኒውዮርክ ታይምስ አደባባይ ቆመው መንገደኛውን «ብራውዘር ምንድን ነው?» እያሉ በጠየቁ ጊዜ፣ በትክክል የመለሰው ከ100 እጅ 8 እንኳ አልሞላም። ለብዙው ሰው ያቺ ሰማያዊ ምልክት ኢንተርኔት ራሱ ነበረች፤ እርስዋን ለውጥ ሲሉት ኢንተርኔትን ጣል ያሉት ይመስለዋል። ከዚህም በላይ አጭበርባሪዎች «መቃኛህ አርጅቷልና ይህን ተጫን» የሚል የሐሰት ማስታወቂያ እያሳዩ ክፉ ፕሮግራም ያስገቡ ስለ ነበር፣ እንዲህ ያለውን ነገር አልጫንም ያለው ጠንቃቃ ሰው የሚነቀፍበት ምክንያት አይታየንም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለው ያገራችን አነጋገር ለዚህም ይስማማል።

በፌብሩዋሪ 2009 ፊን የተባለውን የኖርዌይ የማስታወቂያ ገጽ ጨምሮ በዚያች አገር ያሉ ትልልቅ ድረ ገጾች፣ በ6ኛው እትም ለሚገባ ጎብኚ ሁሉ ለውጥ የሚል ማሳሰቢያ ማሳየት ጀመሩ። በዚያው ዓመት በጋ ዩቲዩብ ተመሳሳይ ማስታወቂያ ከገጹ በላይ አወጣ። አንድ የቀድሞ መሐንዲስ በ2019 እንደ ጻፈው ከሆነ፣ ይህን ማስታወቂያ መሐንዲሶቹ የለጠፉት አለቆቻቸውን ሳያስፈቅዱ ነው፤ በአንድ ወር ውስጥም በዩቲዩብ ላይ የ6ኛው እትም ተጠቃሚዎች ቁጥር በግማሽ ወርዷል ይላል። በደንብ የሚሠራ የመዝገብ ቤት ሹም ይህን ሲሰማ ራሱን መነቅነቁ አይቀርም!

ይሁን እንጂ ማስታወቂያው የማይደርስበት ስፍራ ነበረ፤ እርሱም መሥሪያ ቤት ነው። በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አዲስ ፕሮግራም ለማስገባት ሥልጣን የሌለው ጸሐፊ፣ ለውጥ የሚለውን ማሳሰቢያ በየቀኑ ከማንበብ በቀር ምንም ማድረግ አይችልም ነበር። በ2010 በብሪታንያ ከ6000 የሚበልጡ ሰዎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች 6ኛውን እትም እንዲተዉ በፊርማቸው አመለከቱ። መንግሥቱ በጁላይ ወር በሰጠው መልስ፣ መሥሪያ ቤቶቹ የሚሠሩባቸውን ፕሮግራሞች ሁሉ በአዲሱ ላይ መፈተን ወራት ሊፈጅና የግብር ከፋዩን ብዙ ገንዘብ ሊያስወጣ ስለሚችል፣ በልዩ ልዩ መከላከያ እየጠበቁ በአሮጌው መቀጠል ይሻላል አለ። መልሱ ለብዙዎች አላስደሰተም፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የበጀት መዝገብ ፊት ተቀምጦ ለሚያስብ ሰው ግን ፈጽሞ ከንቱ ነበር ለማለት ያስቸግራል። ዕዳው የተቆጠረው ፕሮግራሞቹ በአንድ ኩባንያ ልክ በተሠሩበት ቀን ነበርና።

ማይክሮሶፍት ራሱ በማርች 2011 የገዛ ሥራውን ለማስወገድ ዘመቻ ከፈተ። ያን ጊዜ ከዓለም ተጠቃሚ 12 ከመቶ፣ በቻይና ግን ከ34 ከመቶ የሚበልጠው ገና በ6ኛው እትም ላይ ነበር። ነገሩን ይበልጥ ያቀለለው ግን ምክርም ዘመቻም አልነበረም። በሴፕቴምበር 2008 የወጣው የጉግል ክሮም ተጠቃሚውን ሳይጠይቅ ራሱን በራሱ ያድስ ነበር። ማይክሮሶፍትም ይህንኑ ፈለግ ተከትሎ፣ ከጃንዋሪ 2012 ጀምሮ፣ በመጀመሪያ በአውስትራልያና በብራዚል፣ መቃኛውን ያለ ጥያቄ ወደ አዲሱ እትም ማሸጋገር ጀመረ፤ አልፈልግም ብለው ያስታወቁትንና ለመሥሪያ ቤታቸው የከለከሉትን ግን አልነካም። በዚያው ወር በአሜሪካ የ6ኛው እትም ድርሻ ከ1 ከመቶ በታች መውረዱ ተገለጠ።

የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የመጨረሻው እትም በጁን 15 ቀን 2022 ከአገልግሎት ተሰናበተ። ሆኖም ለአሮጌው የተሠሩ የመሥሪያ ቤት ገጾች እንዳይዘጉ፣ ኤጅ በተባለው አዲሱ መቃኛ ውስጥ የአሮጌው ጠባይ ተጠብቆ ቢያንስ እስከ 2029 ድረስ እንደሚቆይ ኩባንያው አስታውቋል።