የእስረኛ የእጅ ሥራና የሐኪም ዐይን

ከልደታ ብዙም ሳይርቅ፣ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ በቆመበት ስፍራ፣ ሕዝቡ «ከርቸሌ» ሲለው የኖረው የአዲስ አበባ ወህኒ ቤት ይገኝ ነበር። «ዓለም በቃኝ» የተባለው ክፍል የውስጡን ግቢ ዙሪያውን ከብቦ የተሠራ በመሆኑ፣ እስረኛው ቀና ሲል ከሰማይ በቀር የሚያየው አልነበረም። በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ኢትዮጵያውያን ታጉረውበታል፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስልሳ ያህል ባለሥልጣናትና መኮንኖች በዚያው ወህኒ ቤት ተረሽነዋል። በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ቆይቶም ፈረሰ።

በኢትዮጵያ ወህኒ ቤቶች ሽመና፣ ጥልፍ፣ ሹራብና የእንጨት ሥራ የቆየ ልማድ ነው። እስረኛው የሚሠራው በመጀመሪያ ለሳሙና መግዣና ቤተሰቡን ለመደጎም ነው፤ አስተዳደሩም ሥራውን የሚመዝነው ይበልጡን በገቢው ነው። ይሁን እንጂ ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት በሆነበት ስፍራ፣ ዛሬ ተጀምሮ ነገ የሚጨረስ ጥልፍ መኖሩ ራሱን የቻለ የጤና ጉዳይ ነው። ይህን ለመገንዘብ የሕክምና ሙያ ረጅም ጊዜ ወስዶበታል።

ሙያው የእስረኛን የእጅ ሥራ መመልከት የጀመረው በክፉ ዐይን ነበር። ጣልያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ፣ እስረኞች በግድግዳ፣ በውኃ ማሰሮና በገላቸው ላይ የጻፉትንና የሣሉትን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1888 በመጽሐፍ አወጣ። ሎምብሮዞ ሰው ወንጀለኛ ሆኖ ይወለዳል ባይ ነበርና፣ ሥዕሉ ለእርሱ የበሽታ ምልክት እንጂ የአንድ ሰው ንግግር አልነበረም። በሃይደልበርግ የአእምሮ ሐኪም የነበረው ሃንስ ፕሪንዝሆርን ግን ከሕክምና በፊት የሥነ ጥበብ ታሪክ ያጠና ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 ስለ አእምሮ ሕሙማን፣ በ1926 ደግሞ ስለ እስረኞች የሥዕልና የቅርጽ ሥራዎች ጻፈ፤ ለነገሮች ቅርጽ የመስጠት ፍላጎት በሰው ሁሉ ዘንድ የሚገኝ ነው ሲልም አስረዳ።

እ.ኤ.አ. በ1973 በስኮትላንድ፣ በግላስጎው ከተማ ባርሊኒ ወህኒ ቤት፣ እጅግ አስቸጋሪ ለተባሉ እስረኞች ልዩ ክፍል ተከፈተ። የሥነ ጥበብ ሕክምና ባለሙያዋ ጆይስ ሌይንግ ሸክላ ጭቃ አስገባችላቸው፤ በነፍስ ግድያ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ጂሚ ቦይልም ቀራጺ ሆኖ ወጣ። ክፍሉ በ1994 ተዘግቷል። ምሳሌው ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ ምናልባትም ከሚገባው በላይ። ለሥዕል ትምህርት በፈቃዱ የሚመዘገብ እስረኛ ቀድሞውኑ ለመለወጥ የተዘጋጀ ሊሆን ስለሚችል፣ ጥበብ ዳግም ወንጀል መፈጸምን ይቀንሳል የሚለውን በጥናት ማረጋገጥ አስቸጋሪ ነው። ለጤና ባለሙያ የሚቀርበው ጥያቄ ሌላ ነው፦ እስረኛው እንቅልፍ አለው? ራሱን ለመጉዳት ያስባል? የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦችም በቁጥር 105 የመዝናኛና የባህል እንቅስቃሴ በወህኒ ቤቶች ሁሉ እንዲኖር የሚደነግጉት ለእስረኞች የአእምሮና የአካል ጤንነት ሲባል እንጂ ለገቢ ብለው አይደለም።

እነዚህ ደንቦች ከመጽደቃቸው ብዙ ዓመታት በፊት፣ በደርግ ዘመን ታስሮ የነበረው ገጣሚ ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቸልን ልብ ወለድ እዚያው እስር ቤት ውስጥ ወደ አማርኛ መለሰ። ሐኪም ያዘዘለት ሥራ አልነበረም። መጻፊያ ወረቀት ስላልነበረው የጻፈው በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቶቹ በድብቅ ከእስር ቤት ወጡ፤ ትርጉሙም «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርዕስ ታተመ።